አገዳውን ሁሉ ከወሰድነው መሬቱ ምን ይብላ?

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አክስቴን ልጠይቅ ከመቂ ወጣ ብላ ወዳለችው መንደሯ ሄጄ ነበር። ገና አቦል ሳይቀዳ አንድ አይሱዙ ግቢው በር ላይ ቆመ። ከጋቢናው የወረደው ደላላ የተከመረውን የበቆሎ አገዳ ከላይ እስከ ታች በዓይኑ መዘነና «ስንት ልስጣችሁ?» አለ። ሰላምታ እንኳን አላስቀደመም።

የአክስቴ ልጅ ፊቱ ሲበራ አየሁት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የስልኩ ስክሪን ከተሰነጠቀ ቆይቷል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ለሚመጣው ክረምት የማዳበሪያ ብር ከወዲሁ መጠራቀም አለበት። ደላላው እንዳለን አገዳው የሚሄደው ከብት ለሚያደልቡ ሰዎች ነው። ድሮ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነገር ድንገት ገንዘብ ሆኗል፤ እምቢ ማለት ይከብዳል።

አክስቴ ረከቦቱ ፊት እንደተቀመጠች «አንተ፣ ላሟ ምን ልትበላ ነው? እኔስ በምን ልጋግር? አጥሩም ወድቋል፣ እሱንስ በምን ልትጠግነው ነው?» አለችው። «እማዬ፣ ለመጋገሩ ኩበት አለ አይደል እንዴ?» አላት። ክርክሩ ቀጠለ።

እኔ ዝም ብዬ ስሰማ አንድ ነገር ገረመኝ። ላሟ ስሟ ተነሳ፣ ምጣዱ ተነሳ፣ አጥሩ ተነሳ፣ አይሱዙው ደጅ ቆሞ ሞተሩ ይንኳኳል። አገዳው የበቀለበትን መሬት ግን ማንም አላነሳውም። እሱ ድርሻ ያለው አይመስልም።

«መሬት ይበላል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ይበላል። አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች፣ ከዚያም ትላትል፣ ጢንዚዛና ምስጥ አሉ። ሁሉም የሚኖሩት ከላይ በሚወድቅላቸውና ከሥር በሚያገኙት የተክል ትራፊ ነው። የወደቀ ቅጠል፣ የሞተ ሥር፣ እበት፣ የራሳቸው የሞቱት ሬሳ፣ ይህ ሁሉ በተለያየ የመበስበስ ደረጃ ላይ ሆኖ ሲጠራቀም ባለሙያዎች ኦርጋኒክ ቁስ ይሉታል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ስለ አየር ንብረት ሲወራ የምንሰማው ያው ካርቦን ማለት ነው። በዓለም ላይ ያለው አፈር የያዘው ካርቦን በአየር ላይ ካለውና በዕፅዋት ውስጥ ካለው ድምር ይበልጣል። የምንረግጠው ነገር ቀላል አይደለም።

እርሻ ላይ ግን ይህ ቁስ በመጠኑ ትንሽ ነው። በተለይ አሸዋ የበዛበት የሳቫና እርሻ ላይ ካርቦኑ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላበት ቦታ ብዙ ነው። ትንሽ ነው ማለት ግን ሥራው ትንሽ ነው ማለት አይደለም። ጨው በወጥ ውስጥ ስንት እጅ ነው? ብናኙን ከብናኝ የሚያጣብቀው እሱ ነው። የበተናችሁት ማዳበሪያ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ታጥቦ ወደ ታች እንዳይሰርግ የሚይዘውም በአብዛኛው እሱ ነው። ዋልካ አፈር ቢያንስ ሸክላ አለው፤ ሸክላውም ንጥረ ነገር ይይዛል። አሸዋማው ግን ከዚህ ከበሰበሰ ነገር ሌላ ያን ያህል መያዣ እጅ የለውም።

ነገሩን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የዚያን ቀን ከሰዓት ከአክስቴ ልጅ ጋር ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዘን ወጣን። አንዱን ደረቅ ጓል ከአጥሩ አጠገብ ካለው ትልቅ ጋርቢ ሥር አነሳን፤ ሌላውን ከሩቁ ማሳ አመጣን። የስልኩን ካሜራ ከፍቶ ሁለቱን እኩል ውሃ ውስጥ ጨመርናቸው። የሩቁ ማሳ ጓል እንደ ስኳር ተናደ፤ ሠላሳ ሳንቆጥር ብርጭቆው ሥር ዝቃጭ ሆነ። የጋርቢው ሥር ጓል አረፋ እየተፋ ቁጭ ብሎ ቀረ። ልጁ ቪዲዮውን ደጋግሞ አየው። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አንድ መሬት ነው!» አለኝ። ሞክሩት፤ ከከተማ ወጣ ስትሉ ከመንገድ ዳርና ከታረሰ ማሳ አንድ አንድ ጓል ይበቃችኋል። በደንብ የደረቀ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

በዝናብ ጊዜ የሚሆነውም ይኼው ነው። እንደ ስኳር የሚናደው አፈር ጠብታ ሲመታው ይፈርስና ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል። ቀጣዩ ዝናብ ቅርፊቱ ላይ ሮጦ ወደ ቦረቦር ይገባል፤ እኛም «ዝናቡ አነሰ» እንላለን። አንዳንዴ ዝናቡ አላነሰም። መሬቱ ነው አፉን የዘጋው።

ሳቫና ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን አንበሳና ቀጭኔ ነው። ግን ሳርና ዛፍ ተቀላቅለው የሚኖሩበት፣ የዝናብ ወቅቱና የደረቁ ወቅት ቁልጭ ብለው የሚለያዩበት ምድር ሁሉ ሳቫና ነው። የአፍሪካን ግማሽ ያህል ይሸፍናል። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ ስትወርዱ በመስኮት የምታዩት፣ ግራር እዚህም እዚያም የቆመበት ሜዳ ከዚያ የተረፈ ነው። አክስቴ ስታገባ ከቤቷ እስከ ሐይቁ አቅጣጫ ድረስ ግራሩ ጥላ ለጥላ ይገናኝ እንደነበር ትናገራለች። ዛሬ ከግራሩ የሚበዛው መንገድ ዳር በከረጢት የቆመው ከሰል ነው።

ዛፉና ሳሩ ተነስቶ መሬቱ ሲታረስ ካርቦኑ ቀስ እያለ አይደለም የሚወጣው፤ ይጣደፋል። በሞቃት አገር ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆነው ካርቦን በጥቂት ዓሥርት ዓመታት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ትልቁ ኪሳራ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው። ማረሻው ጓሉን ይሰብርና ውስጡ ተደብቆ የነበረውን ለባክቴሪያ ያጋልጠዋል። ጎርፍም ይወስዳል። ዋናው ግን ሙቀቱ ነው። እርጥበት እስካለ ድረስ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመበስበስ ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላይ ዓመት የሚቆይ ገለባ መቂ ላይ ያን ያህል አይቆይም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኬንያ ውስጥ ይሠራ የነበረ በርች የሚባል ተመራማሪ ደረቅ አፈር ድንገት ሲርስ ምን እንደሚሆን ለካ። ለወራት ተኝተው የነበሩት ጥቃቅን ህዋሳት በአንድ ጊዜ ይነቃሉ፤ ያገኙትን ይበላሉ፤ ካርቦኑ ወደ አየር ይተነፍሳል፤ ናይትሮጂኑ ደግሞ ለተክል በሚሆን መልክ ይለቀቃል። ዛሬም ክስተቱ በስሙ ይጠራል። በጋና ክረምት በሚፈራረቁበት አገር ይህ በየዓመቱ ይደጋገማል። አክስቴ በርችን አታውቀውም፤ ግን «የመጀመሪያውን ዝናብ ያመለጠው በቆሎ ዕድሜ ልኩን ሲያዝን ይኖራል» ትላለች። ያቺ የናይትሮጂን ፍንዳታ ሳታልፍ ሥሩ ቢደርስላት ማለቷ ነው።

አሁን ወደ ማዳበሪያው እንምጣ፤ ምክንያቱም ልጁ አገዳውን ሊሸጥ የፈለገው ለማዳበሪያ ነው። አገራችን ማዳበሪያ የምታስገባው ከውጭ ነው። የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ዋጋው እንዴት እንደተተኮሰ አርሶ አደር ዘመድ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። አክስቴ ያኔ የዘመድ ብር ጨምራ የገዛችውን ዩሪያ ሩቁ ማሳ ላይ በትና የሚረባ ነገር አላገኘችም። «ማዳበሪያው ውሸት ነው» ብላ ደምድማ ነበር። ጓሮዋ ላይ፣ አመድና የቤት ጥራጊ፣ የዶሮ ኩስና የጎመን ቅጠል ለሠላሳ ዓመት የተደፋበት ቦታ ላይ ግን በቆሎው ያለ አንድ ጭብጥ ዩሪያ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል።

ይህ የሷ ብቻ ታሪክ አይደለም። ዚምባብዌ ውስጥ ሙሬዋ በምትባል አካባቢ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር ለዓመታት ተከታትለውታል። ከቤት አጠገብ ያለው፣ ፍግ ሲደፋበት የኖረው ማሳ ጥሩ ያበቅላል። ራቅ ያለው የተራቆተ አሸዋማ ማሳ ግን ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ቢሰጡትም ምርቱ እምብዛም አልጨመረም። ፍግ ሲታከልበት ነው መነቃነቅ የጀመረው፤ እሱም በአንድ ክረምት አይደለም፣ በተከታታይ ዓመታት ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ማዳበሪያ ውሸት ስለሆነ አይደለም። የሚይዘው የለም። የጎደለውም ሁለት ነገር ብቻ አይደለም፤ ዚንክም ካልሲየምም ጎድሏል። ፍጉ እነዚህን ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይዞ ይመጣል።

እንግዲህ ሥዕሉ እንዲህ ነው። መሬቱ ስለተራበ ማዳበሪያው አይሠራም። ማዳበሪያው ስላልሠራ ምርቱ ያንሳል፣ አገዳውም ያንሳል። ገንዘቡ ስላነሰ ያቺው ትንሽ አገዳ ትሸጣለች። መሬቱ ይበልጥ ይራባል። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረው ሰው ብቻ አይደለም፤ ማሳውም ነው።

ማታ ላይ ልጁ ሌላ ቪዲዮ አሳየኝ። ቲክቶክ ላይ አንድ ፈገግተኛ ሰውዬ አፈር በእጁ ዘግኖ «ኦርጋኒክ ቁሱን በአንድ ፐርሰንት ብቻ ብትጨምሩ በሄክታር ከመቶ ሺህ ሊትር በላይ ተጨማሪ ውሃ ይይዝላችኋል፤ በዚያ ላይ የካርቦን ገንዘብ ይከፈላችኋል» ይላል። ብዙ ላይክ አለው። ልጁ «ጋሼ፣ ይኼ ከሆነማ አልሸጥም» አለኝ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ላይ ተመሥርቶ እንዲወስን አልፈለግሁም። ካልኩሌተር ከፈትን።

መጀመሪያ ውሃው። እ.ኤ.አ. በ2018 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ ብዙ ሺህ የአፈር መለኪያዎችን ሰብስበው አይተዋል። ያገኙት እንዲህ ነው፦ ካርቦኑ በአንድ ፐርሰንት ሲጨምር በአማካይ በ100 ሚሊ ሜትር የአፈር ጥልቀት የሚጨምረው፣ ተክል ሊጠጣው የሚችለው ውሃ 1.16 ሚሊ ሜትር ነው። በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብናሰላው በሄክታር 23 ሺህ ሊትር ገደማ። ከቲክቶኩ በጣም ያንሳል። አሸዋማ አፈር ላይ ከአማካዩ ይሻላል፤ ቢሆንም ትልቁ ጥቅም አፈሩ ውሃውን እንደ ስፖንጅ መያዙ ላይ አይደለም። በብርጭቆው ያየነው ነው፤ በሩ ክፍት ሆኖ ዝናቡ መግባቱ።

ቀጥሎ አንድ ፐርሰንቱ። የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር 2,600 ቶን ያህል ይመዝናል። ካርቦኑን በአንድ ፐርሰንት ሳይሆን በአንድ አሥረኛዋ፣ በ0.1 ብቻ ከፍ ለማድረግ 2.6 ቶን ካርቦን እዚያ መቅረት አለበት። ከ100 ኪሎ ደረቅ አገዳ 45 ኪሎ ያህሉ ካርቦን ነው። ነገር ግን የአፈሩ ነዋሪዎች ሲበሉት አብዛኛውን ይተነፍሱታል፤ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ የሚተርፈው ከአሥሩ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው። ስለዚህ ለዚያች 0.1 ከ35 እስከ 40 ቶን አገዳ ያስፈልጋል። አንድ ሄክታር መጠነኛ በቆሎ በዓመት የሚሰጠው ሦስት አራት ቶን አገዳ ነው። አንዲት ዘንግ ሳይሸጥ፣ ሳይነድ፣ ሳይበላ፣ የነበረውም ካርቦን ሳይቀንስ፣ አሥር ዓመት!

ልጁ ዝም አለ። የካርቦን ገንዘቡንም አሰላነው። 2.6 ቶን ካርቦን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀየር ዘጠኝ ተኩል ቶን ገደማ ነው። ለምሳሌ ያህል ቶኑን 10 ዶላር ብንለው 95 ዶላር፤ በአሥር ዓመት፣ በሄክታር። ለካው፣ አረጋጋጩና አገናኙ ድርሻቸውን ሳይወስዱ ነው ይኼ። አክስቴ ያላት መሬት ደግሞ ግማሽ ሄክታር ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለትንሽ አርሶ አደር የአፈር ካርቦንን እንደ ባንክ ደብተር አድርጎ ማቅረብ ትንሽ ያናድደኛል። እርግጥ ዛፍ ተጠብቆ የካርቦን ገንዘብ የተገኘበት ቦታ በአገራችንም አለ፤ ወላይታ ሁምቦ ላይ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ በማኅበረሰቡ ጥበቃ መልሶ ለምልሞ ክፍያ አግኝቷል። ያ ግን ተራራ ሙሉ ደን ነው፤ የበቆሎ ማሳ አይደለም።

«ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» አለኝ ልጁ። እዚህ ላይ ነው ነገሩን ብዙዎቻችን የምንስተው። ያ የተተነፈሰው፣ ከአሥሩ ስምንት ዘጠኝ እጅ የሚሆነው አገዳ የባከነ አይደለም። ተበልቷል። ሲበላ ናይትሮጂኑ፣ ፎስፈረሱ፣ ፖታሲየሙ ለበቆሎው ተለቋል። የሚያጣብቀው ሙጫ ተሠርቷል። ትሉ ቀዳዳውን ቆፍሯል። ሰው በልቶ ያልወፈረ እንደሆነ «ምግቡ ባከነ» አንልም፤ ሲሠራበት ውሏል። የመሬትም ነገር እንደዚያው ነው። ከተከማቸው ካርቦን ይልቅ በየዓመቱ የሚያልፍበት ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብዙ አምጥቶ ከመድፋት በየዓመቱ ትንሽም ብትሆን አለማቋረጥ ይሻላል።

ይህን በደንብ የሚያደርገው ጋርቢ ነው። ይህ የግራር ዘመድ የሆነ ዛፍ ከሌሎች ዛፎች ተቃራኒ ሆኖ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ይለመልማል። አስቡት፤ በቆሎው ብርሃን ሲፈልግ ዛፉ ራቁቱን ነው፤ ቅጠሉም ልክ ዝናቡ ሲጀምር መሬት ላይ ነው። በበጋ ከብቱ ጥላው ሥር ይተኛል፣ ፍሬውን ይበላል፣ እበቱን እዚያው ይጥላል። ሥሩ ከባክቴሪያ ጋር ሆኖ ናይትሮጂን ከአየር ይይዛል። በስምጥ ሸለቋችን የተሠሩ ጥናቶች ዛፉ ሥር ያለው ስንዴ ከሜዳው የተሻለ እንደሚሰጥና የቀኑ ሙቀትም እንደሚቀንስለት አሳይተዋል። ከሳህል አገሮች እስከ እኛ ድረስ አርሶ አደሮች ማሳቸው መሀል ሲተዉት የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። አክስቴ ጋር ድሮ አምስት ነበሩ። ሁለቱ ናቸው የቀሩት፤ ሦስቱ ለአጥርና ለከሰል ሄደዋል።

አንድ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ መሬት ላይ ጀምሯል። ሰሜን ቡርኪና ፋሶ፣ ያቴንጋ ውስጥ፣ ድርቁ በበረታባቸው በ1970ዎቹና 80ዎቹ ማሳው ሲሚንቶ እስኪመስል ደርቆ ነበር። ያኩባ ሳዋዶጎ የሚባል አርሶ አደር ዛይ የሚሉትን የቆየ ዘዴ አሻሻለው። በበጋ፣ ዝናብ ሳይመጣ፣ ጉድጓዶች ይቆፍራል፤ ስፋታቸው ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀታቸው ከ10 እስከ 20። በያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሁለት ጭብጥ ፍግና ትራፊ ይጥላል። ማሳውን ሁሉ ለመቀለብ የሚበቃ ፍግ የለውማ! ዘሩ የሚወድቅበትን ነጥብ ብቻ ይቀልባል።

ቀሪውን የሚሠራው ምስጥ ነው። ስንቶቻችን ነን ምስጥን የምንወድ? ቤት ያፈርሳል፣ አገዳ ይጨርሳል። እዚያ ግን ፍጉን ፍለጋ መጥቶ ያንን ቅርፊት ይበሳዋል፤ ዝናቡ ሲመጣ በሱ መንገድ ይገባል። ሰፈርተኛው መጀመሪያ ላይ እብድ ነው ብሎት ነበር። ሳዋዶጎ ማሽላውን አጨደ፣ በፍጉ ውስጥ የመጡ የዛፍ ዘሮችም ስለበቀሉ ማሳው ዳር ደን አበጀ። እ.ኤ.አ. በ2018 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝቷል፤ በ2023 መጨረሻ አረፈ። ሥራው ከባድ መሆኑን ግን አንርሳ። በሄክታር ብዙ ሺህ ጉድጓድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዶማ ነው።

ወደ አክስቴ ግቢ ልመለስ። አይሱዙው እስከ ማግስቱ ጠዋት እንደሚመለስ ነግሮን ሄዷል። እኔ ከከተማ መጥቼ «አትሽጡ» ብል ቀላል ነው፤ ክረምት ላይ ማዳበሪያውን የምገዛላቸው እኔ አይደለሁም። ስብሰባ ላይ ሴቶችን «ኩበት አታቃጥሉ፣ መሬት እየገደላችሁ ነው» የሚሉ ባለሙያዎችን ሰምቼ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ኩበት ሲነድ ካርቦኑና ናይትሮጂኑ በጭስ ይሄዳል፤ ለመሬት የሚቀረው አመዱ ነው። ግን ኩበት የምታነድ ሴት ሌላ ማገዶ ስለሌላት ነው የምታነደው። ምርጥ ምድጃ አምጡላት፤ ከሦስት ጉልቻ በጣም ያነሰ ማገዶ ይበቃዋል፣ የተረፈው ኩበትም ወደ ማሳ ይሄዳል። ለኔ ምድጃ የእርሻ መሣሪያ ነው።

ሌላው ጣጣ ጎረቤት ነው። በቆሎው ከተነሳ በኋላ ከብት ልቅ ነው፤ የሰፈሩ ከብት ሁሉ በየማሳው ይገባል። ስለዚህ «ለመሬቱ ልተውለት» ብላችሁ አገዳውን ማሳ ላይ ብትተዉት የምትቀልቡት የጎረቤት በሬ ነው። ይህ በአንድ ቤት ውሳኔ አይፈታም፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ልጓም ካላበጁለት በስተቀር።

ማታ እራት ላይ አክስቴ ፈረደች። «ግማሹ ይሸጥ። ከቀረው ላሟ ትብላ፤ ላሟ ያልፈለገችው ወፍራሙ ጉቶ ለመሬት ይሁን። እኔ አሮጌውን አጥር አነዳለሁ።» ልጁ የማሳውን ጫፍ፣ ሃያ ሜትር በአሥር የሚሆን ቦታ በእሾህ አጥሮ ሊሞክር ተስማማ። ጠዋት አይሱዙው ግማሹን ጭኖ ሄደ። ደላላው ፊቱ አልተፈታም፤ ሙሉውን ቆጥሮ ነበር የመጣው። ስክሪኑም አልተቀየረም፤ ብሩ ለማዳበሪያ ቅድሚያ ሆነ።

ልጁ ጉቶውን በገጀራ ቆራርጦ በተነው፤ መጋቢት ላይ ዝናብ ጠብ ሲል ገለበጠው፤ ግንቦት ላይ ዘራበት። ሰኔ አጋማሽ ላይ በቴሌግራም አንድ ፎቶ መጣልኝ። የታጠረችው ቦታ በቆሎ ቢጫ ነው። ከአጥሩ ውጪ ያለው አረንጓዴ ነው። ከሥሩ «ጋሼ፣ ጉድ ሠራኸኝ» ይላል።

ደነገጥኩ፤ ጥፋቱ የኔም ነበር። አስቀድሜ ልነግረው ይገባ ነበር። የበቆሎ አገዳ ውስጥ ለአንድ እጅ ናይትሮጂን ስልሳ እጅ ያህል ካርቦን አለ። ባክቴሪያው ግን ራሱን ለመሥራት ለስምንት ወይም ለአሥር እጅ ካርቦን አንድ ናይትሮጂን ይፈልጋል። አገዳው ውስጥ ስለማያገኘው ከአፈሩ ይወስዳል፤ በቆሎው ላይ ቀድሞ ይበላበታል። ያኔ ነው ቢጫ የሚሆነው። አገዳውን ከእበት ጋር ጉድጓድ ውስጥ አበስብሶ ማውጣት፣ ወይም ቀድሞ መቅበር፣ ወይም ቦሎቄ አብሮ መዝራት የሚመከረው ለዚህ ነው። ባክቴሪያዎቹ ሲጨርሱና ሲሞቱ የወሰዱትን ይመልሳሉ፤ ብድር ነው እንጂ ስርቆት አይደለም። ይህን በድምፅ መልእክት ላኩለት፤ ከዩሪያው ትንሽ ቀደም አድርጎ ለዚያች ቦታ እንዲሰጥና በመስመሮቹ መሀል ቦሎቄ እንዲጨምር ነገርኩት።

ለሦስት ሳምንት ዝም አለ። ሐምሌ ላይ ከባድ ዝናብ የጣለ ዕለት የስድስት ሰከንድ ቪዲዮ ላከ። ከአጥሩ ውጪ ውሃው ቡናማ ሆኖ በቦዮቹ ይሮጣል። ከአጥሩ ውስጥ ውሃ አይታይም። በቆሎው ገና ከጎረቤቱ ያጥራል፤ ቢጫው ግን ለቆታል። ከጀርባ የአክስቴ ድምፅ ይሰማል፤ «ስልኩን ተውና አጥሩን አጥብቀው፣ የነእንትና በሬ ዓይኑን ጥሎበታል!»